አክሊሉ ለማና እንዶድ፦ ከልብስ ማጠቢያ ወንዝ የተነሣ የጤና ምርምር

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወልደው በ1997 ያረፉ የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪ ናቸው። ስማቸው ከእንዶድ ጋር አብሮ ይነሣል እንጂ ተክሉን ያገኙት እርሳቸው አይደሉም። የደጋ እናቶች ፍሬውን አድርቀውና ወቅጠው ከጥንት ጀምሮ ልብስ ሲያጥቡበት ኖረዋል። የአክሊሉ ድርሻ ሁሉም የሚያየውን ነገር ቆም ብሎ መጠየቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዝያን ለማጥናት ዓድዋ ነበሩ፤ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ያጠናቀቁትም በዚያው ዓመት ነው። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል፤ ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የመተላለፊያው ሰንሰለት ይበጠሳል። ወጣቱ ተመራማሪ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በውኃው ላይ ተንሳፈው አዩ። ከአጣቢዎቹ አንዷ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምር ለመኗት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ገዳዩ በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን መሆኑ በኋላ በላቦራቶሪ ታወቀ፤ ከተለዩት ውህዶች አንዱም በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ።

ዛሬ በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ በጨርቅ ጭምብል ላይ የሚከማቹ ተሕዋስያንን የሚመረምር የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ናሙና ከመውሰዱ በፊት ጭምብሉ በቤት በምን ውኃና በምን ሳሙና እንደታጠበ መጠየቅ ይኖርበታል። የዓድዋውም ጥናት የተነሣው ከዚህ ዓይነት ተራ ጥያቄ ነው።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። በዓድዋ ለአምስት ዓመታት ወንዞች በእንዶድ ሲታከሙ፣ በትንንሽ ሕፃናት መካከል የበሽታው ሥርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በበኩላቸው የተሻለ ምርትና ኃይል ያለውን ኢ-44 የተባለውን ዝርያ መረጡ።

ይህ ሁሉ ግን በቂ አልሆነም። በአገር ውስጥ የተካሄደው ምርመራ የዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ መመዘኛ አላሟላም ተባለ፤ በዚያ ላይ የሚፈለገውን ውድ የመርዛማነት ጥናት የሚሸፍን ገንዘብ ለረጅም ጊዜ ጠፋ። ጥንቃቄው ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ሆኖም አንድ ሕዝብ በየሳምንቱ እጁን የሚያስገባበት ነገር እንግዳ ኬሚካል የሆነ ያህል መታየቱ ተመራማሪውን አድክሟል። ጥናቱ በካናዳ ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ተሳትፎ የተሠራው ከዓድዋው ምልከታ 20 ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

ሁለቱ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ። በ1990ዎቹ ደግሞ እንዶድ በአሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለበስ እንስሳን ለማጥፋት ሊያገለግል መቻሉ ታይቶ የፈጠራ መብት ተሰጠበት፤ ፍሬውን ለትውልድ ያቆዩት አጣቢዎች ከዚህ ምን ድርሻ አላቸው የሚለው ክርክርም ተነሣ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ኢንስቲትዩት ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል።