የልዑል ዓለማየሁ ሕይወትና ለባለሙያ የተወው ትምህርት

ልዑል ዓለማየሁ ከዐፄ ቴዎድሮስና ከእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ተወለደ። ሰባት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ አባቱም እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። ጦሩ ያለ ችግር እንዲያልፍ ከፈቀዱት መኳንንት አንዱ የዋግና የላስታው ገዥ ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ፤ አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ያስገደሉባቸው ቴዎድሮስ ናቸውና።

ልጁ ከእናቱ ጋር የላስታንና የትግራይን ደጋ አቋርጦ ወደ ባሕር ተወሰደ። እቴጌይቱ ግን በግንቦት ወር መንገድ ላይ አረፉ። አብረውት የነበሩት ኢትዮጵያውያን አገልጋዮችም ኋላ እንዲመለሱ ተደረገ። ከዚያ ወዲያ አማርኛ የሚያውቅ የቅርብ ሰው ሆኖ የቀረለት በኢትዮጵያ ባሻ ፈለቀ የተባለው ካፒቴን ስፒዲ ብቻ ነበር። ሕፃኑ ከእርሱ ጎን መለየትን አጥብቆ ይፈራ ነበር።

ይሁን እንጂ የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ ትምህርት ቤት እንዲገባ ወስኖ ከስፒዲ ለየው። ከቼልተንሃም ወደ ራግቢ፣ ከራግቢም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተዛወረ። ልብሱ፣ ምግቡና መምህሩ አልጎደሉበትም። የጎደለው በልጅነት ቋንቋው የሚያናግረው ሰው ነበር፤ አማርኛውም ከአፉ ጠፋ። በመጨረሻ በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ተያዘ። መርዝ የተሰጠው መስሎትም ሕክምናን እምቢ ያለበት ጊዜ ነበር። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ትእዛዝም ዊንድዘር ተቀበረ። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበው ጥያቄ በ2015 ዓ.ም. ተቀባይነት አላገኘም።

ከመቶ ዓመት በላይ ርቆ ለሚገኝ ሟች የበሽታ ስም መስጠት ለባለሙያ አይገባም። ሆኖም ወላጆቹን፣ አገሩንና ቋንቋውን በተከታታይ ያጣ ልጅ አስታማሚዎቹን ቢጠረጥር፣ ጥርጣሬው ከኖረው ሕይወት ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

እንዲህ ያለው እጦት ባሕር ሳይሻገሩም ይደርሳል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነት ምክንያት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው ሰቆጣ ከገቡት የዋግ ኽምራ ልጆች መካከል በኽምጥኛ አፋቸውን የፈቱ አሉ። በትምህርት ቤት የተማሩት አማርኛ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ለመናገር ይበቃ ይሆናል፤ ሐዘንና ፍርሃትን ለመግለጽ ግን ላይበቃ ይችላል። የእንዲህ ያለውን ልጅ ዝምታ እንደ እልኸኝነት ወይም እንደ ዕውቀት ማነስ መመዝገብ ከባድ ስሕተት ነው። ስለዚህ ምርመራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ልጁ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያለቅስ መጠየቅ፣ በዚያ ቋንቋ የሚያናግረውንም ዘመድ ወይም አስተርጓሚ ከአጠገቡ ማስቀመጥ የሕክምናው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ዓለማየሁ ይህን አላገኘም።