የማሳው ልጅ በእሽቅድምድም ሜዳ፤ የጂም ክላርክ የሕይወት ታሪክ

ከጣርማ በር ዋሻ አፍ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቆላ የሚጥል ነው። በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ፍሬኑ የማይግል፣ ሽቅብ ሲመለስም ሞተሩ የማይፈተን የጭነት መኪና የለም። ስለዚህ በእኛ በይፋት ቆላ፣ በሻይ ቤትም ሆነ በጋራዥ በር፣ ስለ ሾፌርና ስለ መኪና የማይከራከር ጎረምሳ አይገኝም። አንዱ ሁሉም ነገር በነጂው እጅ ነው ይላል፤ ሌላው ጥሩ መኪና ያገኘ ሁሉ ጎበዝ ነጂ ይባላል ብሎ ይመልስለታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ፍጥነት ከንቱ ነው፣ ቁም ነገሩ ሳይበላሹ መድረስ ነው ሲል ይፈርዳል።

ይኸው ክርክር በዓለም ላይ የመኪና እሽቅድምድም በሚወዱ ሰዎች ዘንድም አለ። ፎርሙላ ዋን የተባለው የነጂዎች የዓለም ሻምፒዮና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 ከተጀመረ ወዲህ፣ ድሉ የነጂው ነው ወይስ የመኪናው የሚለው ጥያቄ አንድም ዓመት አርፎ አያውቅም። ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ለሚሻ ሰው ግን ከብዙ ንግግር ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት ይበቃዋል። ያም ሰው ስኮትላንዳዊው ጂም ክላርክ ነው። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመታትም፣ ዓ.ም. ካላልሁባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጂም ክላርክ የተወለደው ማርች 4 ቀን 1936፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አባቶቻችን በሰሜን ጦር ግንባር ከኢጣልያ ወራሪ ጋር ይዋደቁ በነበረበት ወር ነው። የትውልድ ስፍራው በስኮትላንድ ፋይፍ በተባለው አውራጃ የምትገኝ ኪልማኒ የምትባል መንደር ናት። ወላጆቹ ገበሬዎች ነበሩ። ከእሱ በፊት አራት ሴቶች ልጆች ስለተወለዱ፣ እሱ ለቤቱ የመጨረሻውና ብቸኛው ወንድ ልጅ ነበር። በ1942 ቤተሰቡ ወደ ስኮትላንድ ደቡባዊ ወሰን ተዛውሮ፣ ኤዲንግተን ሜይንስ በተባለ እርሻ ላይ ሰፈረ። የእርሻው ዋና ሀብት በግ ነበር። እንደ መንዝ ደጋ ልጆች በግ እየቆጠረ፣ እንደ ቆላ ልጆች አዝመራ እየጠበቀ አደገ ማለት ይቻላል።

መኪና መንዳትን የተማረው በዚያው እርሻ ላይ፣ ገና በልጅነቱ የትራክተር መሪ በመያዝ ነው። ሎሬቶ በተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመታት ከተማረ በኋላ፣ አያቱና አጎቱ ስለሞቱ በ16 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ እርሻው ተመለሰ። ያን ጊዜ የወደፊት ኑሮው በበግና በእህል ላይ የተወሰነ ይመስል ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያ አካባቢ መኪና የሚወዱ ወጣት ገበሬዎች ነበሩ። ከነርሱ አንዱ ወዳጁ ኢያን ስኮት ዋትሰን በ1956 የራሱን ዲ.ካ.ቬ. የተባለች ትንሽ የጀርመን መኪና ሰጥቶት፣ ክሪሞንድ በተባለ ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ በእሽቅድምድም ተሳተፈ። ወላጆቹ ነገሩን አልወደዱለትም፤ አንድ ወንድ ልጃቸውን እንዲህ ላለ አደገኛ ሥራ መስጠት እንዴት ይወደዳል? እሱ ግን ቀን እርሻውን እያረሰ፣ በዕረፍቱ እየተወዳደረ ቆየ። በ1958 ዓመት መጨረሻ፣ በገና ማግስት፣ በእንግሊዝ አገር ብራንድስ ሃች በተባለ ሜዳ በተደረገ ውድድር በጥቂት ልዩነት ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው ሰው ኮሊን ቻፕማን ይባል ነበር። ቻፕማን መሐንዲስና የሎተስ መኪና ፋብሪካ መሥራች ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለቱ ሰዎች ዕድል አንድ ላይ ተቋጠረ።

የቻፕማን እምነት አጭር ነበር። መኪናን ለማፍጠን ሞተሩን ከማግዘፍ ይልቅ አካሉን ማቅለል ይሻላል። ቀላል መኪና በቀጥታው መንገድ ይፈጥናል፤ በመታጠፊያው ይታዘዛል፤ ፍሬን ሲያዝም ቶሎ ይቆማል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ብረት ላይ ጥቂት ጥቂት በተቀነሰ ቁጥር፣ የቀረው ብረት የሚሸከመው ጭንቅ ይበዛል። ሎተስ በአንድ በኩል ፈጣን፣ በሌላ በኩል ተሰባሪ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ክላርክ በ1960 በሆላንድ አገር ዛንድፎርት ላይ በሎተስ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮና ውድድር ገባ፤ ግን የማርሽ ሳጥኑ ተበላሽቶበት አቋረጠ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ በቤልጂግ አገር ስፓ በተባለው ሜዳ የሆነው ነገር ከልቡ አልወጣም። በልምምዱ ጊዜ ስመ ጥሩው ስተርሊንግ ሞስ ይነዳት ከነበረችው ሎተስ ጎማ ወልቆ፣ ሞስ ክፉኛ ተጎዳ፤ በሌላ ሎተስ ላይ ደግሞ መሪው ተሰብሮ ነጂው ቆሰለ። በውድድሩ ቀን ሁለት ወጣት ነጂዎች ሞቱ። ክላርክ አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ስፓንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላው። የሚያስደንቀው ግን ከ1962 እስከ 1965 በዚያው በጠላው ሜዳ አራት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ።

በ1961 በኢጣልያ ሞንዛ ላይ የእሱና የጀርመናዊው የፎን ትሪፕስ መኪና ተነካክተው፣ ፎን ትሪፕስና ከአሥር የሚበልጡ ተመልካቾች ሞቱ። ክላርክ አንድም ጉዳት አልደረሰበትም፤ ኀዘኑ ግን ብዙ ጊዜ አስጨነቀው።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። ሻምፒዮና የሚገኘው በአንድ ቀን ድል ሳይሆን በዓመቱ ውስጥ ከየውድድሩ በሚለቀመው ነጥብ ነው። በዚያ ዘመን ለአንደኛ 9፣ ለሁለተኛ 6፣ ለሦስተኛ 4 ነጥብ ይሰጥ ነበር። መኪናው መንገድ ላይ የቆመበት ሰው ግን ከሁሉ በፊት ሲመራ ቢቆይም እንኳ ምንም አያገኝም።

በ1962 ቻፕማን አዲስ መኪና አወጣ። ሻንሲና አካል ለየብቻ መሆናቸው ቀርቶ፣ ከሰፊ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ እንደ ጀልባ በአንድነት የተሠራ ስለነበረ ከቀድሞዎቹ ይልቅ የቀለለና የጠነከረ ነበር። ክላርክ በዚህ መኪና ሦስት ውድድር አሸንፎ፣ የዓመቱ ፍርድ ለመጨረሻው ቀን ቀረ። ያም ቀን ዲሴምበር 29 ሲሆን፣ ቦታው በእኛው አህጉር በደቡብ አፍሪካ ኢስት ለንደን የምትባል የወደብ ከተማ ነበረች። ክላርክ ከመነሻው ጀምሮ መራ። ከ82ቱ ዙር 60 ያህሉን እንደ ጨረሰ ግን ከመኪናው ኋላ ጢስ ታየ። ከሞተሩ አንዲት ትንሽ ቡሎን ወልቃ ዘይቱ ፈሰሰ። ሻምፒዮናው ለእንግሊዛዊው ለግራሃም ሂል ሆነ። የአንድ ዓመት ድካም በጣት በምትያዝ ብረት ጠፋ።

በሚቀጥለው ዓመት በ1963 መኪናው ሳይበላሽ ስለቆየለት፣ ከ10 ውድድሮች 7ቱን አሸንፎ በ27 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እስከዚያ ድረስ በዚህ ዕድሜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው አልነበረም። በ1964 ግን የ1962ቱ ነገር ተደገመ። በሜክሲኮ በተደረገው የመጨረሻ ውድድር ሲመራ ቆይቶ፣ ሊጨርስ ሁለት ዙር ያህል ሲቀረው የሞተሩ ዘይት አለቀ። ሻምፒዮናውን የፌራሪ ነጂ ጆን ሰርቲስ ወሰደው። እንግዲህ ክላርክ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ሻምፒዮና ያጣው በሌላ ነጂ ተበልጦ ሳይሆን በዘይት መፍሰስ ነው።

የክብሩ ጫፍ 1965 ነው። ሜይ 31 ቀን በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ 800 ኪሎ ሜትር ያህል የሚፈጀውን ታላቅ ውድድር፣ ከ200ው ዙር 190ውን እየመራ፣ በአማካይ በሰዓት 242 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አሸነፈ። እስከዚያ ጊዜ ብዙዎቹ የአሜሪካ መኪናዎች ሞተራቸውን ከነጂው ፊት ያደርጉ ነበር፤ ሞተሩን ከነጂው ኋላ ያደረገ መኪና በዘመናዊው የኢንዲያናፖሊስ ታሪክ ሲያሸንፍ የእሱ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት ስድስት የፎርሙላ ዋን ውድድር አሸንፎ ሁለተኛውን ሻምፒዮናውን አገኘ። ኢንዲያናፖሊስንና የዓለም ሻምፒዮናን በአንድ ዓመት ያገኘ ሰው ከእሱ በቀር የለም።

ስለ አነዳዱ የሥራ ጓደኞቹ የሚመሰክሩት አንድ ነው። መኪናን አያስጨንቅም ነበር። መሪውን በዝግታ ያዞራል፤ ፍሬኑን በልክ ይረግጣል። ከውድድር በኋላ መካኒኮች ሲመለከቱ የእሱ ጎማና የፍሬን ሸራ ከሌሎቹ ያነሰ ይበላ ነበር። ከመኪናው ሲወርድ ዓይን አፋር፣ ጥፍሩን የሚነክስ፣ ትንሹን ነገር ለመወሰን የሚያመነታ ሰው ነበር። መሪ ሲይዝ ግን ማመንታቱ ሁሉ ይጠፋ ነበር።

በ1967 ሎተስ በፎርድ ገንዘብ የተሠራውን የኮስዎርዝ ሞተር አገኘ። ክላርክ ሞተሩ በቀረበበት በመጀመሪያው ቀን፣ በዛንድፎርት አሸነፈ። በዚያ ዓመት አራት ውድድር ሲያሸንፍ፣ ኒውዚላንዳዊው ዴኒ ሃልም በብራብሃም መኪና ያሸነፈው ሁለት ብቻ ነው። ሻምፒዮን የሆነው ግን ሃልም ነው። የብራብሃም መኪና እንደ ሎተስ ፈጣን ባይሆንም ይደርስ ነበርና። በሞንዛ ላይ ክላርክ ጎማ ተንፍሶበት ከአንድ ዙር በላይ ወደ ኋላ ከቀረ በኋላ፣ ሁሉንም ደርሶ፣ አልፎ፣ እንደገና መሪ ሆነ፤ በመጨረሻው ዙር ነዳጅ ወደ ሞተሩ መድረስ አቅቶት ሦስተኛ ወጣ። ነጂው ብቻውን ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችልና የት ላይ እንደሚያበቃ ለማየት ከዚያ ቀን የተሻለ ምሳሌ የለም።

ጃኑዋሪ 1 ቀን 1968 በደቡብ አፍሪካ ክያላሚ ላይ 25ኛውን የሻምፒዮና ውድድር አሸነፈ። በዚህም በአርጀንቲናዊው ፋንጂዮ የተያዘውን የ24 ድል ወሰን አለፈ። ይህን ሁሉ የሠራው በ72 ውድድር ብቻ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 7 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 29 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ በጀርመን አገር ሆከንሃይም ላይ በአነስተኛ መኪናዎች ውድድር ተሳተፈ። ቀኑ ዝናባማ፣ መንገዱ በጫካ መካከል ነበር። በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ከዛፎቹ ጋር ተጋጨ። ብዙዎች መርማሪዎች የኋላ ጎማው ቀስ በቀስ ተንፍሶ ነው ብለው ያምናሉ። በመንገዱና በዛፎቹ መካከል መከላከያ አጥር አልነበረም። ጂም ክላርክ በ32 ዓመቱ ሞተ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ነጂ ከሞተ እኛስ ምን ተስፋ አለን የሚል ፍርሃት በሌሎቹ ነጂዎች ላይ ወደቀ። በስኮትላንዳዊው ጃኪ ስቱዋርት የተመራው፣ አጥርና ሐኪም ይዘጋጅልን የሚለው ትግል ከዚያ ወዲህ በረታ። የዚያን ዓመት ሻምፒዮናም በዚያው በሎተስ ግራሃም ሂል አገኘው፤ በ1962 በአንዲት ቡሎን ምክንያት ክላርክን የቀደመው ሰው ማለት ነው።

ክላርክ የተቀበረው በእርሻው አጠገብ በምትገኘው በቸርንሳይድ መንደር ነው። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ከሻምፒዮንነቱ በፊት የተጻፈው ገበሬነቱ ነው።

እንግዲህ ድሉ የነጂው ነው ወይስ የመኪናው? የዚህ ሰው ሕይወት የሚያስተምረው፣ ጥያቄው ራሱ አንድ ሰው እንደሚረሳ ነው። ነጂውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የመኪናውንም ስም ሁሉም ይጠራዋል፤ ቡሎኗን ያጠበቀውን ወይም ሳያጠብቅ የተወውን ሰው ግን ማንም አያነሣውም። ክላርክ በመታጠፊያው ላይ የሚበልጠው አልነበረም፤ ቢሆንም በላላ ብረትና በተነፈሰ ጎማ ላይ ሥልጣን አልነበረውም።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ ከሸዋ ሮቢት የሚወጣው ሾፌር፣ ከደጋ ሰው ጭኖ በጣርማ በር የሚወርደውም፣ ቁልቁለቱን የሚያልፈው በራሱ ጉብዝና ብቻ ሳይሆን ማለዳ ፍሬኑን ባየለት መካኒክ፣ ጎማውን በደበደበለት ረዳት፣ ያረጀውን ዕቃ ለመለወጥ ገንዘቡን ባልሰሰተ ባለንብረት ጭምር ነው። ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ነገ ሾፌር፣ መካኒክ፣ መሐንዲስ ወይም የመኪና ባለቤት የሚሆኑ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ስለ ጎበዝ ነጂ ስንከራከር የቡሎኗን ነገር አንርሳ። በእሽቅድምድም ሜዳ የምታጠፋው ዋንጫ ነው፤ በእኛ ቁልቁለት ላይ ግን የምታጠፋው የመንገደኛ ነፍስ ነው።