አክሊሉ ሀብተወልድ፦ በሙግት የተገኘ መሬት፣ በሙግት ያላለቀ ጥያቄ

ዲሴምበር 2 ቀን 1950 እ.አ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የኤርትራን ዕጣ ወሰነ። ኤርትራ የራሷን የውስጥ አስተዳደር ይዛ፣ በኢትዮጵያ ዘውድ ሉዓላዊነት ሥር፣ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር 46 አገሮች ደገፉ፤ 10 ተቃወሙ፤ 4 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ለዚህች ቀን ለዓመታት ከጉባኤ ወደ ጉባኤ እየተመላለሱ የተሟገቱት የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ያን ጊዜ የ38 ዓመት ሰው ነበሩ። አገራቸው የጠየቀችው ሙሉ ውሕደት ነበር፤ ያገኘችው ግን ፌዴሬሽን ነው። በዚህ ልዩነት ውስጥ የተቀበረው ጥያቄ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ተከተላቸው። (በዚህ ጽሑፍ ካንድ ቀን በቀር ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አክሊሉ በ1912 ከካህን ቤተሰብ ተወለዱ። በግብፅ እስክንድርያ በፈረንሳይ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ ፓሪስ ተሻግረው ሕግ አጠኑ። ፋሺስት ኢጣልያ በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር ወጣቱ የሕግ ሰው በዚያው በአውሮፓ ነበሩ። በወረራው ዓመታትም በፓሪስ የአገራቸውን ጉዳይ ይዘው ቆዩ። ያ ዘመን የማይረሳ ትምህርት ሰጣቸው፤ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነች አገር፣ ሕጉ ከእርሷ ጋር ሳለ፣ ብቻዋን ስትቀር አዩ። ከነጻነት በኋላ ወደ አገር ተመልሰው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሲሾሙ፣ ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ወዳጅና የድምፅ ቁጥርም እንደሚያስፈልግ የተረዱ ዲፕሎማት ነበሩ። በ1945 በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲመሠረት ከኢትዮጵያ ልዑካን አንዱ ሆኑ።

በ1946 በፓሪስ በተከፈተው የሰላም ጉባኤ ኢትዮጵያ ከ21 ተሳታፊ አገሮች አንዷ ነበረች። የተሸነፈችው ኢጣልያ ቅኝ ግዛቶች ለማን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ ከዋነኞቹ አንዱ ነበር። የኢትዮጵያ ሙግት በአራት ምሰሶዎች ላይ ቆመ። የመጀመሪያው ታሪክ ነው፤ ከመረብ ማዶ ያለው ደጋ ከጥንት ጀምሮ ከኢትዮጵያ ነገሥታት ጋር የተሳሰረ ነው የሚል። ሁለተኛው የቋንቋ፣ የሃይማኖትና የዝምድና አንድነት፣ ሦስተኛው በምፅዋና በአሰብ በኩል የሚገኘው የባሕር በር ነው። አራተኛው ደኅንነት ነው፤ ኢጣልያ ኢትዮጵያን ሁለት ጊዜ የወጋችው ከኤርትራ ተነሥታ ነበርና።

ተቃራኒው ወገንም ባዶ እጁን አልነበረም። የኢጣልያ ቅኝ ግዛት በ1890 ከታወጀ በኋላ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 በተፈረመ ውል የመረብን ድንበር ተቀብለዋል። ኤርትራውያን ራሳቸውም በአንድ ድምፅ አልተናገሩም። በተድላ ባይሩ የተመራው የአንድነት ወገን ከኢትዮጵያ ጋር መቀላቀልን ሲሻ፣ እንደ ኢብራሂም ሱልጣንና ወልደአብ ወልደማርያም ያሉ መሪዎች ለነጻነት ቆሙ። ኢጣልያ በላቲን አሜሪካ አገሮች ድጋፍ ልትመለስ ተስፋ አደረገች። ግብፅ ደግሞ ምፅዋ ይገባኛል አለች፤ አክሊሉ የተማሩባት አገር በሙግቱ ተቀናቃኝ ሆና ተገኘች።

አራቱ ኃያላን መስማማት ስላቃታቸው ጉዳዩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ተላለፈ። በ1949 የብሪታንያውና የኢጣልያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ቤቪንና ስፎርዛ፣ ኤርትራን ለሁለት ከፍሎ ምዕራቡን ለሱዳን፣ የቀረውን ለኢትዮጵያ የሚሰጥ ሐሳብ አቀረቡ፤ ስለ ሊቢያና ስለ ሶማሊያ ከያዘው ዕቅድ ጋር አብሮ ወደቀ። በ1950 የአምስት አገሮች ኮሚሽን ወደ ኤርትራ ተላከ፤ አባላቱም ሦስት ቦታ ተከፈሉ። ኖርዌይ ለውሕደት፣ በርማና ደቡብ አፍሪካ ለፌዴሬሽን፣ ጓቲማላና ፓኪስታን በድርጅቱ ሞግዚትነት አልፎ ለሚመጣ ነጻነት ቆሙ። ፌዴሬሽኑ የተወለደው ከዚህ መሐል ነው። በ1952 ኤርትራውያን የመረጡት ሸንጎ ሕገ መንግሥቱን ቢያጸድቅም፣ ኢትዮጵያ ወይስ ነጻነት የሚለው ጥያቄ ግን በቀጥታ ለሕዝቡ ድምፅ አልቀረበም።

የአክሊሉ ሙግት በሰሜን ብቻ አልተወሰነም። ብሪታንያ ኢጣልያን ካስወጣች በኋላ ኦጋዴንን በወታደራዊ አስተዳደር ይዛ ቆይታ ነበር፤ ቤቪንም በ1946 ሶማሌዎች የሚኖሩበትን ምድር ሁሉ በአንድ የብሪታንያ ሞግዚትነት ሥር ለማድረግ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ኢትዮጵያ ይህን አጥብቃ ተቃወመች። ኦጋዴን በ1948፣ የሐውድ ምድር ደግሞ በ1954 በለንደን በተፈረመ ስምምነት መሠረት በ1955 ተመለሱ። ስምምነቱ ሣርና ውኃ ተከትለው የሚዘዋወሩ የሶማሌ አርብቶ አደሮችን የግጦሽ መብት ቢጠብቅም፣ በብሪታንያ ሶማሌላንድ ትልቅ ቅሬታ ቀሰቀሰ። በውል የተዘጋው ይህ መዝገብ በ1977 በጦርነት ተከፈተ።

አክሊሉ በ1961 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ወንድማቸው መኮንን ሀብተወልድ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በታኅሣሡ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተገድለው ነበር። በዚያው በ1961 በኤርትራ የትጥቅ ትግል ተጀመረ። በኖቬምበር 1962 ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ እንደ አንድ ጠቅላይ ግዛት ተቆጠረች። በውሳኔው ውስጥ የአክሊሉ ድርሻ ምን ያህል እንደነበረ ዛሬም ያከራክራል፤ ለዓመታት የተሟገቱለት ስምምነት የፈረሰው ግን እርሳቸው በጠቅላይ ሚኒስትርነት ወንበር ተቀምጠው ሳለ ነው።

በፌብሩዋሪ 1974 የአብዮቱ ማዕበል ሲነሣ አክሊሉ ከሥልጣን ለቀቁ፤ ብዙም ሳይቆይ ታሰሩ። በእስር ቤት ሳሉ ስለ አገልግሎታቸው ለመርማሪ ኮሚሽኑ የጻፉት ምስክርነት ከዓመታት በኋላ በመጽሐፍ ታትሟል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ እርሳቸውን ከተኩት እንዳልካቸው መኮንንና ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ዕድሜያቸውን በሙግት ያሳለፉት የሕግ ሰው ለራሳቸው የሚሟገቱበት ችሎት አላገኙም።

ኤርትራውያን በ1993 በሕዝበ ውሳኔ ነጻነትን መረጡ፤ በ1998 ደግሞ ሁለቱ አገሮች በድንበር ተዋጉ። ዛሬ አክሊሉን አንዱ የባሕር በር ያስመለሱ ታላቅ ዲፕሎማት፣ ሌላው የሌላውን ሕዝብ መብት የጋፋ መንግሥት ጠበቃ አድርጎ ያነሣቸዋል። ሁለቱም ከሕይወታቸው የሚጠቅሰው አያጣም። መሬቱ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ በታሪክ፣ በውልና በድምፅ ብልጫ መልስ አስገኝተዋል። የሚኖርበት ሰው ምን ይላል የሚለው ጥያቄ ግን በወቅቱ በቀጥታ ሳይጠየቅ ቀርቶ፣ ብዙ ደም ካፈሰሰ በኋላ ተመልሶ መጣ።