ባርት ቦክና ጥቋቁሮቹ ደመናዎች

ባርት ቦክ በ1906 ሆርን በምትባል የሆላንድ ከተማ ተወለደ። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በላይደንና በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲዎች ሥነ ፈለክ ካጠና በኋላ በ1929 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በዚያው ዓመት የከዋክብት ተመራማሪ የነበረችውን ፕሪሲላ ፌርፊልድን አገባ። ስለ ፍኖተ ሐሊብ በጋራ የጻፉት መጽሐፍ በ1941 ታትሞ ለብዙ ዘመን ሲነበብ ኖሯል።

በከዋክብት መካከል ጥቋቁር ቦታዎች ይታያሉ። የቀድሞ ሊቃውንት ብዙዎቹ ባዶ ቀዳዳዎች ይመስሏቸው ነበር። ኋላ ግን ከበስተኋላቸው ያለውን ብርሃን የሚጋርዱ የጋዝና የአቧራ ደመናዎች መሆናቸው ታወቀ። ቦክን አብልጠው የማረኩት ከእነዚህ መካከል ትንንሾቹና ክብ መሰሎቹ ናቸው። ትንንሽ መባላቸውም በሰማይ መለኪያ እንጂ በእኛ አይደለም፤ የአንዱ ስፋት አንድ የብርሃን ዓመት፣ ማለትም 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

በ1947 ቦክ ከኢዲት ራይሊ ጋር ባወጣው ጽሑፍ፣ እነዚህ ደመናዎች የከዋክብት መወለጃ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ገለጸ። የሐር ትል በልባሱ ውስጥ ተጠቅልሎ እንደሚለወጥ፣ ኮከብም በደመናው ውስጥ ተሸፍኖ ይፈጠራል ማለቱ ነበር። የደመናው ውስጥ እጅግ ቀዝቃዛ ነው፤ ከዜሮ በታች እስከ 263 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ጋዝ ሲቀዘቅዝ የመስፋፋት ኃይሉ ስለሚደክም የራሱ ስበት ያሸንፈዋል። ወደ መካከል እየተሰበሰበና እየተጨመቀ ይግላል፤ በመጨረሻም ኮከብ ይሆናል።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ማስረጃ ግን አልነበረውም። ኮከቡን ያቀፈው አቧራ ራሱ ከዓይን ይሰውረዋልና ብዙዎች ተጠራጠሩ። ቦክ ግን ፍለጋውን አልተወም። በ1950 ከባለቤቱ ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጉዞ በብሉምፎንቴን አጠገብ በሚገኘው የቦይደን ጣቢያ ሠራ። ከ1957 እስከ 1966 በአውስትራሊያ የስትሮምሎ ተራራን የከዋክብት መመልከቻ መራ። ይህን ያህል መራቁ ያለ ምክንያት አልነበረም። «የከሰል ከረጢት» የተባለው ታላቅ ጥቁር ደመና የሚገኘው የደቡብ መስቀል ከሚባሉት ከዋክብት አጠገብ ስለሆነ፣ ቦክ ይኖርበት ከነበረው ከሰሜን አሜሪካ ከተማ አይታይም። ከምድር ወገብ አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ደቡብ በምትርቀው በናይሮቢ ግን፣ በግንቦት ወር ሰማዩ በጠራ ማታ ከከተማው መብራት ርቆ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው ያለ መነጽር ያየዋል። የከሰል ከረጢት ከምድር 600 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ደመናዎች መካከል ቅርብ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ፕሪሲላ በ1975 አረፈች። በጃንዋሪ 1983 አሜሪካ፣ ሆላንድና ብሪታንያ በጋራ የሠሩት አይራስ የተባለ ሳተላይት ወደ ጠፈር ተላከ። ይህ መሣሪያ በአቧራ ውስጥ ማለፍ የሚችለውን፣ ለዓይን የማይታየውን የሙቀት ጨረር ይለካ ነበር። ቦክ ለ36 ዓመታት የጠበቀውን ማስረጃ ሳተላይቱ በመሰብሰብ ላይ ሳለ፣ ኦገስት 5 ቀን 1983 አሪዞና ውስጥ ዐረፈ።

በ1990 ጆአው ዩንና ዳን ክሌመንስ የተባሉ ተመራማሪዎች የሳተላይቱን ልኬት መርምረው፣ ከክብ ደመናዎቹ በበርካታዎቹ ውስጥ ገና በመወለድ ላይ ያሉ ከዋክብትን ሙቀት አገኙ። ደመናዎቹ ዛሬ በቦክ ስም ይጠራሉ። በከሰል ከረጢት ውስጥ ግን እስካሁን በተደረገው ፍለጋ በመወለድ ላይ ያለ ኮከብ አልተገኘም።