ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ (1908 – 2001 ዓ.ም.)፦ የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በኢትዮጵያ የፓርላማ ታሪክ በሕዝብ ድምፅ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። አስተማሪ፣ አርበኛና ደራሲም ነበሩ።

የተወለዱት በ1908 ዓ.ም. በአዲስ ዓለም ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በውጭ አገር የተማሩ ሰው ስለነበሩ፣ ሴት ልጅን ማስተማር ባልተለመደበት ዘመን ልጃቸውን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ላኩ። ወይዘሮ ስንዱ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ተምረው፣ የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ከመድረሱ በፊት ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በወረራው ጊዜ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ቁስለኞችን ረድተዋል። በኋላም በጠላት እጅ ወድቀው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደታሰሩበት የአዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ በደሴ ከተማ አስተማሩ። ከዚያም የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትን በመምራት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። በ1942 ዓ.ም. የታተመው የልቤ መጽሐፍ የተሰኘው ሥራቸው በአማርኛ ከጻፉ ቀደምት ሴት ደራስያን ተርታ አሰልፏቸዋል።

በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት እንደራሴዎችን የሚመርጡት መኳንንትና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን 21 ዓመት የሞላቸው ዜጎች፣ ሴቶችም ጭምር፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጡ ፈቀደ። የፖለቲካ ፓርቲ ስላልነበረ እያንዳንዱ ዕጩ በግሉ ይወዳደር ነበር። በ1950 ዓ.ም. መግቢያ በተካሄደው በዚህ የመጀመሪያ ምርጫ 210 እንደራሴዎች ተመረጡ። ወይዘሮ ስንዱም ምክር ቤቱ የገቡት በዚህ ምርጫ ነበር፤ ቆይተውም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ይሁን እንጂ ሴት እንደራሴ መመረጧ ብቻውን ሕጉን እኩል አላደረገውም። በዚያው የምክር ቤት ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። ከሚስት የግል ገቢ በቀር የጋራ ንብረትን የማስተዳደር ሥልጣንም ለባል የተሰጠ ነበር። ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ቢያገኙም በየቤታቸው ግን የሚገዛቸው ይህ ድንጋጌ ሆኖ ቆየ።

ወይዘሮ ስንዱ ከምክር ቤት አገልግሎታቸው በኋላ በቦን በነበረው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የትምህርት አታሼ ሆነው ሠርተዋል። ድንጋጌው የተለወጠው ምክር ቤቱን ከተቀላቀሉ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በመምራት ረገድ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ወይዘሮ ስንዱ ለውጡን በሕይወት ሳሉ አይተው በሚያዝያ ወር 2001 ዓ.ም. አረፉ።

ይህ ታሪክ ዛሬ አገልግሎት ፈልጎ ወደ መንግሥት ጽሕፈት ቤት የሚመጣን ዜጋ ሁሉ ይመለከታል። በቦሌ ሚካኤል አካባቢ የሚኖሩ ጥንዶች ጋብቻቸውን ለማስመዝገብ ወደ ወረዳቸው ሲሄዱ፣ ሁለቱም በእኩልነት የሚፈርሙበት ጋብቻ በዚህ አዋጅ የሚመራ ነው። የጋራ ቤታቸውን ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ማንኛዋም ባለጉዳይ የጋራ ንብረትን በሚመለከት ሰነድ ላይ ከመፈረሟ በፊት ይዘቱን አንብባ ወይም አስነብባ መረዳት፣ ያልገባትንም መጠየቅ መብቷ መሆኑን ልታውቅ ይገባል።