ካርል ሹርዝ፦ ምርጫው ያወዛገበውን ፕሬዚዳንት የመከረ ስደተኛ

ስለ ምርጫ ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምናተኩረው ማን አሸነፈ፣ ማንስ ተሸነፈ በሚለው ላይ ነው። ከውጤቱ በኋላ ግን ከዚያ የማይተናነስ ጥያቄ ይመጣል። የሕዝቡ ግማሽ አልመረጥንህም ብቻ ሳይሆን አላሸነፍክም የሚለው መሪ አገር እንዴት ያስተዳድር? አጠገቡ ያለ ሰውስ ምን ብሎ ይምከረው? ለዚህ ጥያቄ የካርል ሹርዝን ሕይወት ያህል ጥሩ ማሳያ ያለ አይመስለኝም። ምክሩ ግማሹ የሚያስመሰግን፣ ግማሹ ደግሞ የሚያስተዛዝብ ነውና። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሹርዝ የተወለደው ማርች 2 ቀን 1829 በጀርመን፣ ከኮሎኝ ከተማ ብዙም በማትርቀው ሊብላር በምትባል መንደር ነው። አባቱ አስተማሪ ነበሩ። በቦን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የ1848ቱ አብዮት ፈነዳ። ሹርዝም መምህሩን ፕሮፌሰር ጎትፍሪድ ኪንክልን ተከትሎ ገባበት። በ1849 አብዮተኞቹ የመጨረሻ ምሽግ ባደረጉት ራሽታት ውስጥ ተከበበ። የፕሩሲያ ጦር ምሽጉን ሲይዝ በፍሳሽ ማስወገጃ ቦይ ሾልኮ አመለጠ። መምህሩ ግን ተይዘው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ታዲያ የ21 ዓመቱ ወጣት አርፎ አልተቀመጠም። በ1850 በድብቅ ተመልሶ አንድ የእስር ቤት ጠባቂ በገንዘብ አባበለና ኪንክልን ከሽፓንዳው እስር ቤት በገመድ አስወርዶ ይዟቸው ወደ እንግሊዝ ጠፋ። ይህ ሥራው በመላው አውሮፓ ስሙን አስጠራለት።

በ1852 ከባለቤቱ ከማርጋሬተ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በኋላም በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት፣ በዋተርታውን ከተማ ኑሮ መሠረተ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የሚባለውን መዋዕለ ሕፃናት በ1856 እዚያው የከፈተችው ማርጋሬተ ናት። እሱ ደግሞ ባርነትን ወደሚቃወመው ወደ አዲሱ የሪፐብሊካን ፓርቲ ገባ። በ1860 በጀርመንኛም በእንግሊዝኛም እየተናገረ ለአብርሃም ሊንከን ቀሰቀሰ። ሊንከንም ሲመረጡ በስፔን የአሜሪካ መልእክተኛ አድርገው ሾሙት። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲበረታ ግን ሹመቱን ትቶ ተመለሰ፤ በጄኔራልነት ማዕረግ ጌቲስበርግን በመሳሰሉ ትልልቅ ውጊያዎች ላይ ተሰለፈ።

ጦርነቱ ባበቃበት በ1865 ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን የደቡቡን ሁኔታ አይቶ እንዲነግራቸው ላኩት። ሹርዝ ከሳውዝ ካሮላይና እስከ ሉዊዚያና ዞረ። ያየው ነገር አስደነገጠው። ነፃ የወጡት ጥቁሮች ይደበደባሉ፣ ይገደላሉ፤ የቀድሞ ጌቶቻቸውም ባርነትን በሌላ ስም ሊመልሱ ይሞክራሉ። ሪፖርቱ ምንም አላለባበሰም። የፌዴራሉ መንግሥት ቶሎ እንዳይወጣ፣ ጥቁሮችም የመምረጥ መብት እንዲያገኙ መከረ። ጆንሰን መስማት የፈለጉት ይህን አልነበረምና ፊት ነሱት። ሪፖርቱ ለአደባባይ የበቃው ምክር ቤቱ ይቅረብልን ብሎ ስለጠየቀ ነው። እንግዲህ አንባቢ ይህን ሪፖርት በልቡ ይያዝልኝ፤ እንመለስበታለን።

በ1869 ሹርዝ ሚዙሪን ወክሎ ሴናተር ሆነ። በጀርመን ተወልዶ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው ሰው ነው። ዘመኑ የፕሬዚዳንት ግራንት ዘመን ነው። የመንግሥት ሥራ እንደ ቅርጫ ሥጋ ለፓርቲ ሰዎች የሚከፋፈልበት፣ ጉቦም የተስፋፋበት ጊዜ ነበር። ሹርዝ ይህን በመቃወም በ1872 ከገዛ ፓርቲው ጋር ተጣላ። በዚያው ጊዜ ግን ሌላም ነገር ተለወጠ። የደቡቡ ጣጣ እሱንም እንደ ብዙዎቹ የሰሜን ሰዎች አሰልችቶት ነበር። ለቀድሞዎቹ ዓመፀኞች ምሕረት ይደረግ፣ ሠራዊትም በክፍለ ግዛቶች ጉዳይ እጁን አያስገባ ማለት ጀመረ።

ከዚያ የ1876ቱ ምርጫ መጣ። በአሜሪካ ሕግ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት በየክፍለ ግዛቱ የሚሰየሙ ወኪል መራጮች ናቸው። ለማሸነፍ 185 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ዴሞክራቱ ሳሙኤል ቲልደን 184፣ ሪፐብሊካኑ ራዘርፎርድ ሄይስ 165 ያዙ። የቀሩት 20 ድምፆች አከራከሩ፤ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም የፍሎሪዳ፣ የሉዊዚያናና የሳውዝ ካሮላይና ነበሩ። ቲልደን በሕዝብ ድምፅ ሩብ ሚሊዮን ገደማ በልጠዋል። በሌላ በኩል ደግሞ በደቡብ ብዙ ጥቁሮች በዛቻና በግድያ ከድምፅ መስጫው ርቀዋል። ስለዚህ እጄ ንጹሕ ነው የሚል ወገን አልነበረም። 15 አባላት ያሉት ኮሚሽን ተቋቁሞ በእያንዳንዱ ክርክር 8 ለ7 እየወሰነ ሃያውንም ለሄይስ ሰጠ። ውጤቱ 185 ለ184 ሆኖ የታወጀው በማርች 2 ቀን 1877፣ ቃለ መሐላው ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነው። ተቃዋሚዎቻቸው ሄይስን ድምፅ ሰርቀው የገቡ እያሉ በስማቸው ያላግጡ ነበር።

ሹርዝ ገና ከምርጫው ቅስቀሳ ጀምሮ ለሄይስ በደብዳቤ ሐሳብ ያቀርብላቸው ነበር። ክርክሩ ሳያልቅም ስለ ካቢኔያቸውና ስለ መጀመሪያ ንግግራቸው ረዘም ያሉ ምክሮች ላከላቸው። የምክሩ ፍሬ ነገር ሲጠቃለል ቀላል ነው። የመንግሥት ሥራ ለውለታ መክፈያ አይሁን፤ ሚኒስትሮች በችሎታ ይመረጡ፤ ከደቡብ ጋር ዕርቅ ይውረድ። በሌላ አነጋገር፣ ቆጠራው ያልሰጣቸውን አመኔታ በሥራቸው ያግኙት ማለት ነው።

በእኛ አገር ምክር አልሰማ ያለውን መከራ ይመክረዋል ይባላል። ሄይስ ግን የሚሰሙ ሰው ነበሩ። በንግግራቸው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያን አነሱ። በካቢኔያቸው ውስጥ ከደቡብ በኩል የተዋጋ አንድ ዴሞክራት አስገቡ። ሹርዝንም የፓርቲው ሽማግሌዎች እያጉረመረሙ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር አደረጉት። በመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በፈተና እንዲቀጠርና በብቃት እንዲያድግ አደረገ። የነባር ሕዝቦችን ጉዳይ የሚመራውን ቢሮ መርምሮ ሙሰኞችን አባረረ፤ የመንግሥት ደን የሚመነጥሩትንም ተከታተለ። ሄይስ በጁን 1877 የፌዴራል ሠራተኞች የፓርቲ ድርጅት እንዳይመሩ አዘዙ። ያኔ የተዘራው በ1883 ሕግ ሆኖ በቀለ፤ ለዚያም በ1881 የፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሹመት በተከለከለ ሰው መገደል ግድ ብሏል።

አሁን ወደዚያ ሪፖርት እንመለስ። በአፕሪል 1877 ሄይስ የሳውዝ ካሮላይናንና የሉዊዚያናን ምክር ቤቶች ይጠብቁ የነበሩትን ወታደሮች ወደ ሰፈራቸው መለሱ። የደቡብ መሪዎች የጥቁሮችን መብት እናከብራለን ብለው ቃል ገብተው ነበር። ቃሉ አልተጠበቀም። በቀጣዮቹ ዓመታት ጥቁሮች በዓመፅም በሕግም ከምርጫ ተገፉ። ይህን መብት በተግባር የሚያስከብር ጠንካራ ሕግ የወጣው በ1965 ነው። ሹርዝ ደግሞ ይህ እንደሚመጣ በዓይኑ አይቶ አስቀድሞ ያስጠነቀቀ ሰው ነበር! ከ12 ዓመት በኋላ ግን በዕርቁ ከሚደግፉት ዋነኞቹ አንዱ ሆነ። ዕርቁ የወረደው በሰሜንና በደቡብ ነጮች መካከል ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን በድርድሩ ያልተቀመጡት ናቸው። በሚኒስትርነቱም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ከእሱ በፊት በተጀመረ ውሳኔ የፖንካ ሕዝብ በ1877 ከመሬቱ ተነቅሎ ብዙዎች አለቁ። ሹርዝ በኋላ በደል መሆኑን ቢያምንም ሕዝቡን በሙሉ ወደ ቀዬው አልመለሰም።

ከ1881 በኋላ በኒው ዮርክ በጋዜጠኝነት ሠራ። የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ማኅበሩን መራ፤ በ1898 አሜሪካ ፊሊፒንስን መያዟን ተቃወመ። በ1904 ስለ ደቡብ ጥቁሮች ሁኔታ ዳግመኛ ብዕሩን አነሣ፤ እንደገና ወደ ከፊል ባርነት እየተገፉ መሆኑን ጻፈ። ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ሜይ 14 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ አረፈ።

ሹርዝ ጉቦ አልበላም፣ ለሥልጣንም ብሎ አልሸነገለም። የተሳሳተውም ሐቀኛ ሆኖ ነው፤ ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች የሚከብደውም ይኸው ነው። ባወዛገበ ምርጫ የመጣን መሪ የሚመክር ሰው ዕርቅ፣ ጨዋ አስተዳደር፣ መልካም ሹመት ቢል መልካም ብሏል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ መጨመር አለበት፤ የዕርቁን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? መልሱን ሹርዝ ያውቀው ነበር። በ1865 በገዛ እጁ ጽፎታል።