በጊታር ያስተማረው መምህር

በመኝታ ቤታችን ማታ ማታ የማይቋረጥ አንድ ክርክር አለ። የመምህርነትን ሙያ ተምሮ ወደ ሌላ ሥራ የሄደ ሰው ሙያውን ከዳ ይባላል ወይስ አይባልም ነው ነገሩ። ለክርክሩ ቢረዳን ብለን ሕዝብ ዶክተር ኒኮ እያለ የሚጠራውን የኮንጎውን ጊታረኛ፣ የኒኮላ ካሳንዳን ሕይወት ይዘን ቀርበናል። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ኒኮ በ1939 በቤልጂክ ኮንጎ፣ ካሳይ ውስጥ ሚካላዪ በሚባል ስፍራ ተወለደ። ቤተሰቡ ሙዚቃ የለመደ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ ዴሾም ጊታር ይመታል። ኒኮ ገና በ14 ዓመቱ ጆሴፍ ካባሴሌ ከሚመራው አፍሪካን ጃዝ ከተባለው ኦርኬስትራ ጋር መጫወት ጀመረ። ቢሆንም ትምህርቱን አልጣለም፤ በ1957 የቴክኒክ መምህርነት ሥልጠናውን ጨረሰ። ልክ እንደኛ ማለት ነው! ልቡ ግን ያደላው ወደ ጊታሩ ነበር።

በጃንዋሪ 1960 የኮንጎ መሪዎች ስለ ነፃነት ለመደራደር ብራስልስ ሲገቡ አፍሪካን ጃዝም እዚያው ተገኘ። በዚያን ጊዜ የተቀረጸው ኢንዴፓንዳንስ ቻቻ በራዲዮ ብዙ የአፍሪካ አገሮችን አዳረሰ። ሊድ ጊታሩን የተጫወተው ኒኮ ነው። ዕድሜው ስንት ነበር ቢሉ፣ 20! የእኛው እኩያ። አገሪቱ ነፃ የወጣችው በዚያው ዓመት ጁን 30 ቀን ነው።

በ1963 ኒኮና ድምፃዊው ታቡ ሌይ ሮሸሮ ከአፍሪካን ጃዝ ወጥተው አፍሪካን ፊየስታን አቋቋሙ። ሁለቱ ብዙ ሳይቆዩ ተለያዩና ኒኮ አፍሪካን ፊየስታ ሱኪሳ የተባለ የራሱን ኦርኬስትራ መራ። አጨዋወቱ ችኮላ አያውቅም። ዘፋኙ ሲያበቃ ጊታሩ ዜማውን ይቀበላል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከሥር የዴሾ ጊታር ምቱን ይዞ ይሄዳል። ከሱ በኋላ የመጡ ብዙ የኮንጎ ጊታረኞች ሸክላውን ደጋግመው እየሰሙ ከሱ ተምረዋል።

የሚያሳዝነው፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሸክላውን ያሳትምለት የነበረው የቤልጂክ ድርጅት ወደቀ፤ ኒኮም ከሙዚቃው ዓለም ራቀ። ያን ያህል የተካነ እጅ ለዓመታት ዝም አለ። በኋላ ቶጎ ውስጥ ጥቂት ዘፈኖች ቀረጸ። ሴፕቴምበር 22 ቀን 1985 በሆስፒታል ሲሞት ገና 46 ዓመቱ ነበር። የሞተበትም ከተማ ያው የነፃነቱ ዘፈን የተቀረጸበት ብራስልስ ነው።

እንግዲህ ኒኮ ሙያውን ከዳ? ከመካከላችን አሁንም አዎ የሚል አልጠፋም፤ አንድ የቴክኒክ ክፍል መምህሩን አጥቷልና። የብዙዎቻችን ሐሳብ ግን ሌላ ነው። የሚያውቀውን ጥርት አድርጎ ያሳየና ከሱ በኋላ የመጣ ሰው የተማረበት፣ እሱ መምህር ነው። እኛም ነገ ሰሌዳ ፊት ስንቆም የምንለካው በዚሁ ነው። የተለየ ሐሳብ ያለው ጽፎ ያምጣ፤ ከዚሁ ጎን እንለጥፍለታለን።